የአባት ስም ላስት ኔም አይደለም

ጃንጎ በሚባለው፣ በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ መሥሪያ በሆነው ፍሬምወርክ ላይ አዲስ ፕሮጀክት የከፈተ ሁሉ የተዘጋጀ የተጠቃሚ ሞዴል፣ ማለትም ስለ ተጠቃሚው ምን እንደሚያዝ የሚወስን ኮድ፣ ይጠብቀዋል። ዩዘርኔም አለው፣ ፓስወርድ አለው፣ ኢሜይል አለው፣ ፈርስት ኔምና ላስት ኔም አለው። ከእሱ ጋር ዩዘር ክሪኤሽን ፎርም የሚባል የመመዝገቢያ ፎርም አብሮ ይመጣል፤ ጥቂት መስመር ኮድ ጽፋችሁ ሰው መመዝገብ ትችላላችሁ። ፓስወርዱን ሃሽ የማድረጉን (እንዳይነበብ አድርጎ የመለወጡን) ጣጣ ሌላ ሰው ጨርሶላችኋል። እኔ ጃንጎን የወደድኩት በዚህ ነው፣ ዛሬም እወደዋለሁ። ግን ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ ሲስተም ስትሠሩ ቀድሞ መነካት ያለበትም ይኸው የተዘጋጀ ሞዴል ነው። ሎጎውና ቀለሙ ይደርሳሉ።

ጃንጎ የተወለደው አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ነው። ሎረንስ በምትባለው ከተማ፣ በሎረንስ ጆርናል ወርልድ ጋዜጣ ይሠሩ የነበሩት ኤድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ጀመሩት፣ በ2005 ደግሞ ለሕዝብ ተለቀቀ። ለአንድ የአካባቢ ጋዜጣ ድረ ገጽ አንባቢው ስምና የቤተሰብ ስም ያለው ሰው ነው፣ ኢሜይልም አለው። ማንም ክፉ አላሰበም። ያወቁትን ሰው አስበው ሠሩ፣ ያ ሰው ዛሬም በዲፎልቱ (ካልነካነው በሚሠራው) ውስጥ አለ።

እኛ ምን እናደርጋለን? ላስት ኔም የሚለውን ሌብል «የአባት ስም» ብለን እንቀይርና እናልፋለን። ስክሪኑ ላይ ሲታይ ነገሩ የተፈታ ይመስላል። ከሌብሉ ጀርባ ግን ፊልዱ (መረጃው የሚገባበት ቦታ) አሁንም ላስት ኔም ነው። የተቀረው ኮድ፣ የገዛነው ቴምፕሌት፣ ያወረድነው ፓኬጅ፣ ሁሉም እንደ ቤተሰብ ስም ነው የሚያየው። የቤተሰብ ስምን ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ይጋሩታል፣ ሰውም በአክብሮት የሚጠራው በእሱ ነው። የአባት ስም እንደዚያ አይሠራም። ሴቷ ስታገባ ስሟ ስሟ ነው። እናትና ልጅ ሁለተኛ ስማቸው አይገጥምም። አባትና ልጅ እንኳ አይገጥምም፤ የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ የመጀመሪያ ስም ነው። «ውድ አቶ» ብሎ የአባትን ስም የሚያስከትል አውቶማቲክ ኢሜይል ሲደርሰኝ መልእክቱ የተላከው ለአባቴ ነው የሚመስለኝ።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ መዝገብ ያበላሻል። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሲስተሙ ከውጭ የተገዛ ነበር። ሥራዬ ሌላ ነገር ማገናኘት ስለነበር እንግዳ መቀበያው አጠገብ ላፕቶፔን ይዤ ተቀምጫለሁ። አንዲት እናት ልጇን ለክትባት ይዛ መጣች። መዝጋቢዋ በመጀመሪያ የእናትየውን መረጃ ሞላች፣ ከዚያ «ልጅ ጨምር» የሚለውን ስትጫን የልጁ ላስት ኔም ቦታ ላይ የእናትየው አባት ስም ራሱ ገብቶ ቁጭ አለ። ፊልዱ ግራጫ ነው፣ አይነካም።

«እህቴ፣ የልጁ አባት ስም ማን ነው?»

ነገረቻት። መዝጋቢዋ ስክሪኑን አየችው፣ እናትየዋን አየቻት።

«ሲስተሙ በእርስዎ አባት ነው የሚይዘው። ስሙ ላይ አብሬ ልጻፈው?»

«የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ግን እንደዚያ አይደለም።»

«እሱማ አይደለም።»

እናም የመጀመሪያ ስም ቦታ ላይ የልጁንና የአባቱን ስም በአንድነት ጻፈች፣ ከጎኑ የእናቱ አባት ስም ቀረ። በመዝገቡ ላይ ልጁ ሌላ አያት አገኘ ማለት ነው። ይህች መዝጋቢ ጥፋት አልሠራችም፣ በቀን ስንት ሰው እያስተናገደች ያገኘችው መውጫ ይኼ ነው። ሌላ ቀን ሌላ መዝጋቢ ተረኛ ስትሆን ደግሞ በሌላ መንገድ ትጽፈዋለች። ከዓመት በኋላ ያ ልጅ ሲፈለግ ማን ብለው ይፈልጉት? ትምህርት ቤት የክትባት ማስረጃ ሲጠይቅ ስሙ ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር አይገጥምም፣ እናትየው ስም ለማስተካከል ስትመላለስ ትውላለች። ሰው ከሥራ አስፈቅዶ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ የሚመላለሰው አንድ ዲቨሎፐር አንድ ፊልድ በራሱ እንዲሞላ ስላደረገው ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር። ጃንጎ ላይ የመጀመሪያውን ማይግሬሽን (ዳታቤዙን የሚያዘጋጀውን ሥራ) ከማስኬዳችሁ በፊት የራሳችሁን የተጠቃሚ ሞዴል ፍጠሩ። የጃንጎ ዶክመንቴሽን ራሱ የተዘጋጀው ሞዴል ቢበቃችሁም እንኳ ይህን አድርጉ ብሎ ለዓመታት አጥብቆ መክሯል። አብስትራክት ዩዘርን (ጃንጎ ለመወረስ ያዘጋጀውን የተጠቃሚ ክላስ) የሚወርስ ክላስ ትጽፋላችሁ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ኦውዝ ዩዘር ሞዴል የሚለውን ወደ እሱ ትጠቁማላችሁ፣ ከዚያ ማይግሬት። ክላሱ ለጊዜው ባዶ ቢሆንም ግድ የለም። በኋላ ፊልድ መጨመር ቀላል ነው። ዳታቤዙ ከቆመና ሌሎች ቴብሎች በፎሪን ኪይ ከተጠቃሚው ጋር ከተሳሰሩ በኋላ ሞዴሉን በሌላ መተካት ግን በእጅ የሚሠራ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሥራ ነው። «ለጊዜው በዲፎልቱ እንሂድ፣ ሲያድግ እናስተካክለዋለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እዚህ ላይ አትስማሙ። በሌላ ነገር ተስማሙ።

አብስትራክት ዩዘርን ወርሳችሁ ፈርስት ኔምንና ላስት ኔምን በክላሱ ውስጥ «ነን» (None፣ ማለትም የለም) ብትሏቸው ሁለቱም ይጠፋሉ። ከዚያ የራሳችሁን ታስገባላችሁ። ይህን ስታደርጉ ግን ሁለቱን ስሞች የሚጠሩ ሌሎች ቦታዎች እንዳሉ አትርሱ። ጌት ፉል ኔም የሚባለው ሜተድ ሁለቱን አጣብቆ ነው ሙሉ ስም የሚሰጣችሁ፣ ስለዚህ እንደገና ጻፉት። አድሚኑም (ጃንጎ ይዞት የሚመጣው የአስተዳዳሪ ገጽ) ዝርዝሩ ላይ፣ ፍለጋው ላይና ማስተካከያ ገጹ ላይ ይጠራቸዋል፣ እነሱንም መቀየር ነው። እነዚህ ስህተት ሲኖር ይጮኻሉ ወይም ገጹ ላይ በዓይን ይታያሉ፣ ስለዚህ አያስፈሩም።

የሚያስፈራው ዝም የሚለው ነው። ጃንጎ ፓስወርዱ ከሰውየው ስም ጋር እንዳይመሳሰል የሚያይ ቫሊዴተር (ፈታሽ) አለው። በዲፎልት ዩዘርኔምን፣ ፈርስት ኔምን፣ ላስት ኔምንና ኢሜይልን ነው የሚያነጻጽረው። ሞዴላችሁ ላይ ፊልዱ ከሌለ ስህተት አይሰጥም፣ ዘሎት ያልፋል። ማለትም ስሞቹን ስታወጡ ጥበቃው አብሮ ይወጣል፣ ማንም አይነግራችሁም። ሴቲንግስ ውስጥ ዩዘር አትሪቢዩትስ በሚለው አማራጭ የእናንተን ፊልዶች ስጡት። እሱም ሆኖ በአማርኛ የተጻፈን ስም በላቲን ከተጻፈ ፓስወርድ ጋር ማነጻጸር አይችልም። ስሜን በፊደል ጽፌ ፓስወርዴን በእንግሊዝኛ ፊደል የራሴን ስም ባደርገው ቫሊዴተሩ ምንም አይታየውም። የሰዎቻችን ፓስወርድ በአብዛኛው በላቲን ስለሚጻፍ ይህ ሊታሰብበት ይገባል። ስሙን በላቲንም የምትይዙ ከሆነ ያንንም ፊልድ ጨምሩለት።

አሁን ወደ ስሙ። ስንት ፊልድ? እዚህ ላይ የራሴ አቋም አለኝ። ሲስተሙ ቲኬት የሚሸጥ፣ ምግብ የሚያደርስ፣ ኮርስ የሚያስተምር ከሆነ አንድ ፊልድ ይበቃል፦ ሙሉ ስም። ሰው ስሙን ያውቃል፣ እንዲከፋፍለው አታስገድዱት። ሰላምታ መስጠት ከፈለጋችሁ «ማን ብለን እንጥራዎት?» የሚል ሌላ አጭር ፊልድ ጨምሩ። ሰነድ የሚያወጣ ሲስተም ከሆነ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ማኅበር፣ ያኔ ሦስት ፊልድ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ፊልዶቹንም በኮዱ ውስጥ በትክክለኛ ትርጉማቸው ሰይሟቸው። ላስት ኔም የሚል ፊልድ ውስጥ የአያት ስም ማስቀመጥ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ዲቨሎፐር ማሳሳት ነው። የስም ዝርዝር ስታወጡም በመጀመሪያ ስም ደርድሩ፣ እኛ ሰው የምንፈልገው በራሱ ስም ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የአባት ስም ግዴታ የሆነበት ፎርም ላይ ሁልጊዜ የሚቸገር ሰው አለ። በእናቱ አባት ስም የሚጠራ ልጅ አለ፣ በአሳዳጊው የሚጠራ አለ፣ አባቱን የማያውቅ አለ። ሌብሉ ላይ «የአባት ስም» ብላችሁ ከሥሩ በትንሹ «በልደት ሰርተፍኬቱ ወይም በመታወቂያው ላይ እንዳለው» ብትጽፉ ሰውየው መዝጋቢ ፊት ቆሞ የቤተሰቡን ታሪክ ከመናገር ይድናል። አንዲት መስመር ሔልፕ ቴክስት ናት። የወላጅና የልጅ ግንኙነትም በስም መመሳሰል ሳይሆን በራሱ ቴብል ይያዝ፦ ማን የማን አሳዳጊ ነው፣ በምን ዝምድና። ከላይ ያለው ክሊኒክ የጎደለው ይቺው ነበረች።

ቫሊዴሽን ላይ ደግሞ ከሌላ ቦታ ተገልብጠው የሚመጡ ሕጎች አሉ። «ስም ቢያንስ 3 ፊደል ይሁን» የሚለው በላቲን ሲታይ ምክንያታዊ ነው። በእኛ ፊደል ግን ሳራ ሁለት ፊደል ናት። ሊያም ሁለት ናት። ኖኅም ሁለት ነው። ሦስቱም አይመዘገቡም። «ስም ፊደል ብቻ ይያዝ» የሚለው ደግሞ ኃ/ማርያምን፣ ገ/መድኅንንና ወ/ሚካኤልን ይመልሳቸዋል፣ ምክንያቱም እዝባር አለባቸው። «በስም መካከል ክፍት ቦታ አይፈቀድም» የሚለው ወልደ ጊዮርጊስን ይመልሳል። እነዚህ ሰዎች ስማቸው ትክክል ነው። ስህተቱ ሬጌክሱ (ጽሑፉን የሚፈትሸው ቀመር) ነው። እኔ ስም ላይ የማደርገው ቫሊዴሽን ከፊትና ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ መቁረጥ፣ መሃል ላይ የተደጋገመውን ክፍት ቦታ ወደ አንድ ማውረድ፣ ባዶ አለመሆኑን ማየት፣ አለቀ። ቴስት ስጽፍም እነዚህን ስሞች በሙሉ ከነእዝባራቸው አስገባቸዋለሁ፣ አንዱ ከወደቀ ኮዱ አይወጣም።

ዩዘርኔም ላይ ጃንጎ የአማርኛ ፊደል ይፈቅዳል፣ ቫሊዴተሩ ዩኒኮድን ያውቃል። ይህ ደስ ይላል፣ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ። አራቱም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ዩዘርኔሞች ናቸው። ጃንጎ ዩዘርኔምን ኤንኤፍኬሲ በሚባለው ሥርዓት ያስተካክላል፣ ያ ሥርዓት ግን ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ አያገናኝም። ማገናኘትም የለበትም፣ በግዕዝ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ሥራው የእኛ ነው።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ሰውየው ስሙን እንደጻፈው አስቀምጠዋለሁ። አንዲት ፊደል አልነካም፣ ሰርተፍኬት ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ለማንም የማይታይ ሁለተኛ ኮለም እይዛለሁ። ሴቭ ሲደረግ በፓይተን ትራንስሌት ሜተድ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሃንም፣ ኃንም፣ ሓንም ወደዚያው፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን፣ ዓንና ኣን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው እየለወጥኩ እሞላዋለሁ። እዝባሩንም እዚያው ላይ አወጣለሁ። ሰው ሲፈልግ የጻፈው ቃል በዚሁ መንገድ ያልፍና ከዚያ ኮለም ጋር ይገናኛል። መዝጋቢዋ በየትኛው ሐ እንደተጻፈ ማሰብ አይጠበቅባትም። ይህን ያላደረገ ሲስተም ላይ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ታገኛላችሁ፣ ታሪኩም ሦስት ቦታ ተበታትኖ። ክሊኒክ ውስጥ ይህ ማለት የመድኃኒት አለርጂው ያልታየ በሽተኛ ሊሆን ይችላል።

ከስም ወደ ስልክ። ሰዎቻችን በኢሜይል አይገቡም። ኢሜይል ያለው ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ የሞባይል ቤቱ ልጅ የከፈተለት ነው፣ ፓስወርዱን አያውቀውም። ስልክ ቁጥሩን ግን በቃሉ ይወጣዋል። ስለዚህ ዩዘርኔም ፊልድ በሚለው ላይ ስልኩን አድርጉ። ዩዘርኔምን ካወጣችሁ የጃንጎ ዩዘር ማኔጀር አይሠራላችሁም፣ ዩዘርኔም ነው የሚጠብቀው። የራሳችሁን ክሪኤት ዩዘርና ክሪኤት ሱፐርዩዘር ትጽፋላችሁ። አጭር ሥራ ነው።

ቁጥሩን ሰው በተለያየ መንገድ ይጽፈዋል። በ09 የሚጀምር አለ፣ በ+251 የሚጀምር አለ፣ ፕላሱን ትቶ በ251፣ ዜሮውን ትቶ በ9። በየሁለት በየሦስት ቁጥሩ ክፍት ቦታ የሚተውም አለ። ሁሉንም ተቀበሉ። ክሊን ሜተዱ (ፎርሙ የገባውን መረጃ የሚያጣራበት ኮድ) ውስጥ ወደ +251 እና 9 አሃዝ ቀይራችሁ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ዩኒክነቱም (ሌላ ሰው ያልያዘው መሆኑ) በዚያ ላይ ይታይ። ተጠቃሚው አጻጻፉን እንዲያስተካክል «ፎርማቱ ትክክል አይደለም» ብሎ መመለስ ለኮምፒውተር የሚቀለውን ሥራ ለሰው መስጠት ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥርም አለ። ከዚያ በፊት የተጻፈ ኮድ ከወረሳችሁ 09 ብቻ የሚል ሬጌክስ እንዳለው ዛሬውኑ እዩት። የአገር ኮዱንም አትዝጉት። የተማሪው አባት ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሊሆን ይችላል፣ ክፍያውን የሚልከውም እሱ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር በመሃል። ቁጥር መሆኑን ለማየት የፓይተኑን ኢዝ ዲጂት የሚጠቀም ብዙ ነው። የግዕዝ ቁጥሮች ከ፩ እስከ ፱ በኢዝ ዲጂት ያልፋሉ፣ ኢንት ውስጥ ሲገቡ ግን ስህተት ይወረውራሉ። ኢዝ ዴሲማል ተጠቀሙ። ስልኩን በግዕዝ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ብርቅ ቢሆንም ሰርቨሩ በእሱ መውደቅ የለበትም።

ኢሜይሉን እንደ ተጨማሪ ያዙት፣ ግዴታ አታድርጉት። ዩኒክ ማድረግ ከፈለጋችሁ ግን ባዶውን እንደ ባዶ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ነል (null፣ ምንም ዋጋ የሌለው) አስቀምጡ፣ አለዚያ ኢሜይል የሌለው የመጀመሪያው ሰው ይመዘገባል፣ ሁለተኛው «ይህ ኢሜይል ተይዟል» ይባላል። ባዶው ማለት ነው የተያዘው! ከዚህም ጋር የፓስወርድ መቀየሪያውን አስቡበት። ጃንጎ ይዞት የሚመጣው ፎርም ኢሜይል ፈልጎ ሊንክ ይልካል። ኢሜይል የሌለው ተጠቃሚ ፓስወርዱ ከጠፋበት ምንም መመለሻ የለውም። ስለዚህ በኤስኤምኤስ ኮድ የሚሠራ የራሳችሁን መንገድ ከመመዝገቢያው ጋር አብራችሁ ሥሩ። የተዘጋ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል፣ ገንዘብ ወይም የጤና መረጃ ያለበት ሲስተም ላይ በኮዱ ብቻ አካውንት አታስረክቡ፣ ሌላም ነገር ጠይቁ።

ስለ ፎርሙ ክላስ ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። ዩዘር ክሪኤሽን ፎርምን ወርሳችሁ ሜታ ውስጥ ሞዴሉን ወደ ራሳችሁ ቀይሩ፣ አለዚያ ፎርሙ የድሮውን ዩዘር ሲፈልግ ስህተት ይሰጣችኋል። ፊልዶቻችሁን ዘርዝሩ። ይህን ትታችሁ ተራ ሞዴል ፎርም ላይ ፓስወርድ የሚል ፊልድ ካስቀመጣችሁ ግን ሃሽ የሚያደርገውን ሴት ፓስወርድ (set_password) የሚባል ሜተድ የሚጠራ ስለማይኖር ፓስወርዱ እንዳለ፣ በግልጽ ጽሑፍ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ከሌሎች በተረከብኳቸው ፕሮጀክቶች ላይ ይህን አይቻለሁ። ተጠቃሚው መግባት አይችልም፣ ዲቨሎፐሩ የሎጊን ችግር መስሎት እዚያ ሲፈልግ ይውላል፣ የሰው ፓስወርድ ደግሞ ዳታቤዙን ለከፈተ ሁሉ ይነበባል።

የትውልድ ቀን ላይ ግን ቁጭ ብለን እናውራ። ብሮውዘሩ የሚሰጠው የቀን መምረጫ የሚያውቀው የፈረንጅ ካላንደር ብቻ ነው። ሰውየው የተወለደው ጥር 12 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው እንበል። ጥር አምስተኛ ወር ናት፣ ስለዚህ 12/5/1990 ብሎ ይሞላል። ፎርሙ ይቀበለዋል። ለፎርሙ ይህ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1990 ነው። ትክክለኛው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1998 ነበር። ሰውየው 7 ዓመት ከ8 ወር አረጀ፣ ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ የትም አልታየም። ለክትባት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለኢንሹራንስ ይህ ከባድ ነው። በጳጉሜን የተወለደው ደግሞ ጭራሽ አይመዘገብም፣ 13ኛ ወር የለማ። ያኔ መዝጋቢው የመስከረም 1 ያደርገዋል፣ ወይ የነሐሴ 30። ልጁ የራሱ ያልሆነ ልደት ይዞ ይኖራል።

መፍትሔው የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ሦስት ፊልድ አድርጉ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት። ወሩ በስም የሚመረጥ ይሁን፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን። በቁጥር ከሆነ ሰው የቱ ካላንደር እንደሆነ ይጠራጠራል፣ «ጥር» ብሎ ካየ አይጠራጠርም። ከዚያ ክሊን ሜተዱ ውስጥ ወደ ፈረንጁ ትለውጡና በተራ ዴት ፊልድ ታስቀምጣላችሁ። ለውጡ ላይብረሪ አያስፈልገውም። ከዓመቱ ላይ 1 ቀንሳችሁ በ365 አባዙ። ዓመቱን ራሱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉ ቁጥሩን ደምሩበት። ከወሩ ላይ 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዝታችሁ ደምሩ። ቀኑን ደምሩ። በመጨረሻ 2795 ጨምሩ። የወጣውን ቁጥር ለፓይተን ዴት ፍሮም ኦርዲናል ስትሰጡት ትክክለኛውን ቀን ይመልስላችኋል። በጥር 12 ቀን 1990 ሞክሩት፣ 729409 ይወጣል፣ እሱም ጃንዋሪ 20 ቀን 1998 ነው። ከዚህ በፊት ግን ጳጉሜን ከ5 ቀን እንዳትበልጥ፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚቀር ከሆነ ደግሞ 6 እንድትፈቅዱ ቼክ አድርጉ።

ትልልቅ ሰዎች ዓመቱን እንጂ ቀኑን ላያውቁት ይችላሉ። ወሩንና ቀኑን ግዴታ ስታደርጉ ሰው ፈጥሮ ይሞላል፣ በኋላ ትክክለኛውን ከተፈጠረው መለየት አትችሉም። ዓመት ብቻ የሚቀበል መንገድ ተዉ፣ ቀኑ ግምት መሆኑን የሚናገር ትንሽ ፊልድም ጨምሩ።

ውጭ አገር ያለው ወገናችን ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እስራኤል የገቡ ብዙ ቤተሰቦች የአያታቸው ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ተመዝግቦላቸዋል። አሜሪካና አውሮፓ ላይ የአባቱ ስም ላስት ኔም የሆነበት አለ፣ የአያቱ የሆነበት አለ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ራሱ ወንድምና እህት ሊለያዩ ይችላሉ። እዚያ የተወለደው ልጅ ደግሞ እንደ አገሩ ሰው የቤተሰብ ስም አለው። ስለዚህ አገር ቤትም ውጭም ተጠቃሚ ያለው ሲስተም ስሠራ ከሦስቱ ፊልዶች ሌላ «ፓስፖርት ላይ እንዳለው» የሚል በላቲን የሚጻፍ አንድ ፊልድ አደርጋለሁ። ከአማርኛው በራሱ እንዲሞላ አላደርግም። አንዱ ስሙን በኤች ይጽፈዋል፣ ሌላው ያለ ኤች፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ሰርተፍኬቱ ከፓስፖርቱ በአንዲት ፊደል ቢለይ ኤምባሲ በር ላይ የሚቆመው ዲቨሎፐሩ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስል ፎርሙ እንዲረዝም አልፈልግም። እንዲያውም ደንበኛ ይዞልኝ የሚመጣው ዝርዝር ሁሌም ረጅም ነው፦ የጋብቻ ሁኔታ፣ የእናት ስም፣ ሃይማኖት፣ የትውልድ ቦታ፣ አሁን ደግሞ የፋይዳ ቁጥር። የወረቀቱ ፎርም ላይ ስለነበረ ብቻ ወደ ዌብ የተገለበጠ ጥያቄ ብዙ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ መሰብሰብ ኃላፊነት አለበት፣ ለታወቀ ዓላማ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚሰበሰበው። ፋይዳን ለማረጋገጥ በሕጋዊው መንገድ ካልተገናኛችሁ ቁጥሩን ቴክስት ፊልድ ውስጥ ማጠራቀም ለማንም አይጠቅምም፣ ዳታቤዙ ቢያፈተልክ ግን የሚጎዳው ሰውየው ነው።

ስለዚህ ኮድ ከመጻፌ በፊት ደንበኛው ጋ ቁጭ እላለሁ፣ ዝርዝሩን አንድ በአንድ እያነሳሁ «ይህን መልስ ማን ነው የሚያነበው? ምን ሊሠራበት?» እላለሁ። አንድ የማሠልጠኛ ተቋም ላይ የሃይማኖት ጥያቄው ጋ ስንደርስ ኃላፊው አሰበ፣ ሬጅስትራሯን ጠራት፣ እሷም ፋይል ከፍታ አየችና «ኧረ ማንም አይቶት አያውቅም» አለች። እዚያው አወጣነው። የጋብቻ ሁኔታውንም አወጣነው። የትውልድ ቦታው ላይ አልተስማማንም፣ ግዴታ አይሁን በሚለው ተለያየን።